የጎደለችው ድምፅ

«እማ፣ ሁላችንም አንድ ነገር ከፈለግን ድምፅ ለምን ይቆጠራል?» ብላ ጠየቀቻት ትንሿ ልጇ ሳይሚ።

ላህያ የልጇን ጫማ እያሰረች አሰብ አደረገች። «በአፍ የሚባለውና በእጅ የሚጻፈው አንዳንዴ ስለሚለያይ ይሆናል» አለቻት።

የመንደሩ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነበር። ልጆቹ ሐይቁን ዞረው በአውቶቡስ ከተማ ሊማሩ ነው። ይዘጋ እያለ የሚገፋው ታርሞ የሚባል የምክር ቤት አባል ሲሆን፣ በመጪው ምርጫ ወንበሩ ላይ ከተመለሰ ትምህርት ቤቱ አበቃለት።

የፓርቲው ሰው ቬይኮ ላህያ ቤት መጥቶ፣ ቡናውን ሳይጨርስ፣ «ተወዳደሪ» አላት።

«ታርሞ የእናንተው ሰው አይደል እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት። ለማንኛችንም የተሰጠ ድምፅ መጀመሪያ አንድ ቋት ውስጥ ነው የሚገባው። የእኛ ቋት ደግሞ ከአንድ ወንበር አያልፍም። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ከመካከላችን ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው። ታርሞን ከውስጥ ካልሆነ ማንም አይነቅለውም።»

እሺ አለች፤ ፎቶዋን መንገድ ዳር መስቀሉን ግን እንቢ አለች። «ፊቴን አጥር ላይ ሰቅዬ ምረጡኝ ልበል? ያሳፍራል።» ጸሎት ቤትም ቢሆን የምትቀመጠው ሁልጊዜ ከኋላ ነው።

መንደሩ ኢንተርኔት ላይ የራሱ መድረክ ነበረው። የማንም ኩባንያ አይደለም። ሬይዮ የሚባሉ ጡረተኛ የመብራት ሠራተኛ በሳውናቸው፣ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤታቸው፣ ልብስ ማውለቂያ ክፍል ባኖሩት ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው። ከሌሎች መንደሮች መድረኮች ጋር ይገናኛል፤ ያልተመቸው ሰው ወዳጆቹን እንደያዘ ወደ ሌላው መዛወር ይችላል። እስከዚያ ጊዜ ግን የተዛወረ ሰው አልነበረም። ጎረቤቷ ፒርኮ እዚያው ላይ፣ «ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሁላችንም የላህያን የዕጩ ቁጥር እንጻፍ» ብላ ለጠፈች። መንደሩ በሙሉ እሺ አለ።

ምርጫው የተካሄደው እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ላህያ ከድምፅ መስጫው መጋረጃ ጀርባ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል።

«ሙሽራ መስለሻል እኮ» ብላ ሳቀችባት ፒርኮ።

ውጤቱ ሲመጣ ላህያና ታርሞ እኩል ሆኑ። እኩል ሲሆን ሕጉ ዕጣ ነው። ዕጣው ለታርሞ ወጣ።

የየምርጫ ጣቢያው ቆጠራ ሲለጠፍ ደግሞ የባሰ ነገር ታየ። ከመንደሩ ድምፅ ሁሉ አንዷ ብቻ ለላህያ አልተሰጠችም። ያቺ ድምፅ የሄደችው ከሐይቁ ማዶ ለምትኖር፣ በዚያው ፓርቲ የዕጩዎች ዝርዝር ላይ ስሟ ለነበረ ጡረተኛ ነርስ፣ ለሂልካ ነበር። ሂልካ የሬይዮ የአክስት ልጅ ናት።

ፒርኮ ሽማግሌውን ጀልባ ማሰሪያው ጋ አገኘቻቸው። «ሬይዮ፣ ለማን ነው የጻፉት?»

«ድምፅ ምስጢር ነው።»

«ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል?»

«ንጹሕም ቢሆን ሱሪ ይለብሳል» አሉ ሬይዮ፣ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ።

«ለሥጋ ዘመድዎ ሲሉ ልጆቻችንን ሸጡ። መድረኩ ላይ እጽፈዋለሁ።»

«ጻፊው። አልሰርዝብሽም።»

ጻፈች። ሬይዮም አልሰረዙም። ከሥሩ ሌላውም ጨመረበት፤ ከሃዲ ያላቸው አለ፣ የታርሞ ውሻ ያላቸውም አለ። ብዙም ሳይቆይ ሰዉ አንድ በአንድ ወዳጆቹን እየያዘ ወደ ጎረቤት መንደር መድረክ ተዛወረ። የሬይዮ ኮምፒውተር ባዶ ቤት ሆኖ ቀረ።

«ተዉአቸው፣ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው» ትላለች ላህያ፣ ወሬው በተነሳ ቁጥር።

«የአንቺስ ትዕግሥት ለብቻው ነው» ይሏታል።

በግንቦት ምክር ቤቱ ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ ወሰነ። በዚያው ቀን ሳይሚ ከእናቷ ጋር ስትመለስ፣ ብስክሌቷን ሲጠግኑላት የኖሩትን ሬይዮን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉላት። ልጅቷ ፊቷን አዞረች።

«ሰላም በያቸው እንጂ» አለቻት ላህያ።

«አልልም። ትምህርት ቤታችንን ያስዘጋው እሱ ነው።»

ሬይዮ ሰሙ። ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ላህያ ያን ማታ እራት አቀረበች እንጂ አልቀመሰችም።

በማግስቱ ጠዋት የልጇን እጅ ይዛ ሬይዮ ደጃፍ ሄደችና፣ «ራሴን መምረጥ አፍሬ የሂልካን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው።