የማቀዝቀዣው ጀርባ

ባልየውና አማቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሰነባብተዋል። «ለሁለት ሳምንት» ብለው በአንዲት ትንሽ ሻንጣ የመጡት ሴትዮ ድፍን መንፈቅ ተቀመጡ። ከሳሎኑ ጀርባ ያለችውን፣ ፀሐይ የማያያትን ክፍል ይዘውበታል። እሱ ደግሞ ለሁለተኛ የዓሣ ገንዳ ያሰባት ክፍል እሷ ነበረች።

«የዓሣ ሞግዚት!» ይሉታል፣ ሹራብ በሹራብ ደርበው ሳሎኑ መስኮት ሥር ፀሐይ እየሞቁ። «ለሰው ያላሰብከውን ለዓሣ!»

እሱ ለዓሣዎቹ ምግባቸውን በትኖ ያልፋል።

የመብራቱና የፓምፑ ሙቀት ሳሎን ያለውን ገንዳ እያሞቀው ኮራሎቹ፣ እነዚያ አበባ መሳይ የባሕር ፍጥረታት፣ መገርጣት ሲጀምሩ የውሃ ማቀዝቀዣ ገዛ። መመሪያውን አነበበ። ማሽኑ ከውሃው የወሰደውን ሙቀት በጀርባው ይተፋዋል፤ ስለዚህ ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ።

ግድግዳውን ሰፋ አድርጎ ቀደደ። ቱቦዎቹን ከፓምፑ ጋር አገናኝቶ እንዳያንጠባጥቡ አጠበቃቸው፤ የውሃውን ሙቀት ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ አደረገው። የማሽኑን ጀርባ በቀዳዳው በኩል ወደ አማቱ ክፍል አዞረው። እሳቸው አልጋው ላይ ልብሳቸውን ያጣጥፉ ነበር።

«ደሞ ይሄ ምንድነው?»

«ለዓሣዎቹ ነው፣ እማማ። ሌላ ቦታ አጣሁለት።»

እጃቸውን ወደ ቀዳዳው ዘረጉ፤ ከዚያ ልብሳቸውን ማጣጠፍ ቀጠሉ።

«እናቴን በቁሟ ልትቀቅላት ነው?» አለች ሚስቱ ማታ።

«ታዲያ ዓሣዎቹ ይቀቀሉ?»

ሰንበትበት ሲል አማቱ ሹራባቸውን አወለቁ። ሳሎን መቀመጡንም፣ ስድቡንም ተዉ። አንድ ቀን በር ዘግተው ለወንድማቸው ሲደውሉ ሰማ፤ «ዕቃዬን የሚጭን መኪና ፈልግልኝ» ይላሉ።

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሜትር አውጥቶ የአዲሱን ገንዳ መስታወት ልክ ወሰደ።

ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ደጁ ላይ የጭነት መኪና ቆሟል። በራፉ ላይ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። አላመነታም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ተሸከመውና ወደ መኪናው ገሰገሰ።

«ጌታው፣» አለው ወዛደሩ፣ «እሱን እኮ አሁን ነው ያወረድነው!»

አማቱ እጀ ጉርድ ቀሚስ ለብሰው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ተወው ልጄ፣ እነሱ ያስገቡታል» አሉ። «ብርድ ለሚቆረጥመው አጥንቴ ያሰብክልኝ አንተ ብቻ ነህ፤ ቤቴን ሸጥኩት።»