የላላው ክዳን

ካድሬው የፍተሻ ቅጹ ላይ ጣቱን ተክሎ «የዘይቱን ክዳን አይተህ ነው የፈረምከው?» ሲል የአውሮፕላን ተቆጣጣሪውን ጠየቀ። በቡናው ላይ መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን ጧት ከጂማ ተነሥቶ፣ ክዳኑ ላልቶ የሞተሩ ዘይት ፈስሶ ስላለቀ፣ የቡ ከተማ አቅራቢያ ከነአብራሪው ተከስክሷል። ተቆጣጣሪው ክዳኑን አላየውም ነበር፤ ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ሸኩር በእጃቸው የዘጉትን መልሶ መነካካት፣ ሽበታቸውን መድፈር መስሎ ታይቶት ነበር።

«ወላሂ፣ ይኼ ልጅ ሳያይ አይፈርምም» አሉ አጠገቡ የቆሙት ጋሽ ሸኩር።

«አይቻለሁ፤ ጥብቅ ብሎ ነበር» አለ ተቆጣጣሪው።

«ከእሱ በኋላ አውሮፕላኑ ዘንድ ማን ቀረ?» አለ ካድሬው።

«እኔ ነኛ፤ መስታወቱን ስወለውል» አሉ ሽማግሌው፣ ተማሪያቸው የተረፈ መስሏቸው ፊታቸው በርቶ።

«እንግዲያው ጠብቆ የነበረውን የፈታኸው አንተ ነህ! ይኼ አሻጥር ነው፤ አሻጥረኛን ደግሞ አብዮቱ በጥይት ነው የሚያናግረው።» ካድሬው ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ። «ሌላ ሰው አልነበረም?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ተማሪያቸው ላይ ጥለው ጠበቁ። እሱ ግን የቅጹን ጠርዝ በጣቱ እያቃና «አልነበረም» አለ፤ ከጧት ጀምሮ ከአፉ የወጣ ብቸኛ እውነት ይኸው ነበር።