ጥዱ ወይስ ቋጥኙ

«አቁም! አቁም እንጂ አንተ!» ብዬ ከዘራዬን አነሳሁ። ዶዘሩ እያጓራ መጥቶ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆመ። በዕውቀቱ የሚባለው የመንገድ ሥራው አለቃ ኮፍያውን አውልቆ ወደ እኛ መጣ።

«አባቶቼ፣ የሞላሌው መንገድ የተለካው በቋጥኙ በኩል ነው። የሙታኑ ጉድጓድ እዚያ ከሆነ በጥዱ በኩል አዞረዋለሁ። ጥዱ ሥር ከሆነም እንደተለካው እሄዳለሁ። የቱ ጋ ነው?»

ወይ ጉድ! ሰው ጠፍቶ እኛን ይጠይቃል? ከዚያ ቀን የተረፍነው እኔና መኳንንት ብቻ ነን። በሰገሌው ዓመት አገር ለሁለት ሲከፈል ቀያችንም ተከፈለ። እኔ ለአንዱ ጌታ፣ መኳንንት ለሌላው አድረን እዚችው ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን ተታኮስን። ትንሽ ውጊያ ናት፤ አዝማሪም አልዘፈነላት። ሲመሻሽ ቄሶቹ መጡ። ሁሉም ባና የለበሰ የመንዝ ልጅ ነው፤ ማን የማን እንደሆነ መለየት ቢያቅታቸው ሬሳውን በወደቀበት ባንድ ጉድጓድ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ሜዳውን ሞፈር ነክቶት አያውቅም።

እኛ የመሸግነው ጥዱ ጋ፣ እነሱ ቋጥኙ ጋ ነበር። ሬሳው ቋጥኙ ሥር ከሆነ ገፍተናቸው እነሱ ሸሹ ማለት ነው፤ ጥዱ ሥር ከሆነ ገፍተውን እኛ ሸሸን። በዚህ ነገር ስንጨቃጨቅ አረጀን፤ በሰንበቴው፣ በሠርጉ፣ ጠላ በቀመስን ቁጥር! የመኳንንት ልጅ የክርስትና አባት እኔ ነኝ፤ ያም አላስታረቀንም። እንዴት ያለ ደግ ዘመን ነበር!

«ቋጥኙ ሥር ነው» አልኩ።

«ውሸት ነው፣ አንተ ወሰኔ! ጥዱ ሥር ነው!» አለ መኳንንት፣ እንደ ልማዱ።

«ካልተስማማችሁ እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? እንደተለካው እሄዳለሁ» አለና በዕውቀቱ ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘ። ዶዘሩ ወደ ቋጥኙ ዞረ። አፈሩን መግፋት ሲጀምር መኳንንት ካጠገቤ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ተው! ተው በማርያም! ቋጥኙ ሥር ነው!» አለ። «ወሰኔ ልክ ነው። ሸሽተን ነበር። ታናሽ ወንድሜን፣ ወዳጆን፣ እዚያ ጥዬው ነው የሸሸሁት።»

ይህን ቃል አርባ ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ። የሰማሁት ዕለት የምፎክር ይመስለኝ ነበር። የምን ፉከራ! አንጀቴን በላው።

ዶዘሩ ወደ ኋላ ተመልሶ በጥዱ በኩል ዞረ። በዕውቀቱ ደስ ሊያሰኘኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ «እንግዲያው ያን ቀን ያሸነፋችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው፣ አባቴ?» አለኝ።

«ማን ያስታውሰዋል ልጄ» አልኩት። «ጭስ በጭስ ነበር። ሁላችንም ነበር የምንሮጠው።»

መኳንንት ዓይኑን በባናው ጫፍ ጠረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«ውሸታም!» አለኝ።