ትንሿ ዲ

ሂዳያ ለዙህር ሶላት እንደወጣች ሪያድ ኮድቡር ሰፈር ባለው ጠባብ ቢሯቸው ብቻውን ቀረ። ጠዋት አለቃቸው አብዱልሃሚድ በሰው ፊት «የሂዳያ ሥራ፣ ማሻአላህ» ሲል ቅናት አንገብግቦት ነበር። ለእሱ የደረሰው ያረጁ ብራንቾችን፣ ሁለቱ ለየብቻ የሠሩባቸውን የፕሮግራሙን ቅጂዎች፣ ማጽዳት ነው።

በትንሿ የእንግሊዝኛ ፊደል ዲ የሚጻፈው የመሰረዣ ትእዛዝ ጠንቃቃ ነው፤ ሥራው ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ካልገባ አልሰርዝም ይላል። የትልቋ ዲ ሳይጠይቅ ይሰርዛል። ሪያድ የሂዳያን ብራንቾች በትንሿ ጀመረ። አንዱ እንኳ እምቢ ቢልለት፣ ጎበዟ ጀምራ የተወችውን ለአብዱልሃሚድ ሊያሳይ ቋምጧል። ሁሉም ያለ አንዳች ማንገራገር ጠፉ፤ ልፋቷ በሙሉ ቀድሞ ዋናው ውስጥ ገብቷል።

በዝርዝሩ የቀሩትንም ሲያጸዳ መጨረሻ ላይ አንዱ እምቢ አለ። ሪያድ ፈገግ ብሎ ስሙን አነበበ። የራሱ ነበር፤ ስንት ወር የለፋበት፣ ማንም ወደ ዋናው ያላስገባለት።

ሂዳያ ሂጃቧን እያስተካከለች ገባች። «ጸዳልህ? ወይስ የቀረ አለ?»

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ምንም የቀረ የለም» አላትና የራሱን በትልቋ ዲ ሰረዘው።