አምስተኛው ስም

ከሌሊት ወፍ የመጣው ቫይረስ ሰው የሚይዘው ከስንት አንዴ ነበር፤ የያዘውን ግን አይለቅም። ስለዚህ ማንም ሰው በወር ከአምስት ሰዎች በላይ እንዳይነካ ተደነገገ። የአምስቱም ስም እጁ ላይ ባለው አምባር ይመዘገባል፤ ያልተመዘገበ ወይም የታመመ ሰው ከነካው አምባሩ ይጮኻል።

ጳጉሜ አንድ ጠዋት ደምሰው ሻይ ሲቀበል የሚስቱን ጣት ነካ፤ አምባሯም እሪ አለ። በሽታው የያዘው መስሎት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

"ምንም አልሆንክም፤ ለዚህ ወር ስምህን አውጥቼው ነው" አለች እታለማሁ። "እማዬ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እህቴ፤ አምስተኛዋ ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ ናት።"

"ባልሽን በጸጉር ሠሪ ለወጥሽ?"

"ጳጉሜ እኮ አምስት ቀን ናት። አዲስ ዓመትን ጸጉሬ ተንጨባሮ ልቀበለው? ደግሞ ባል ከሩቅም ያወራል፤ ሹሩባ ግን ከሩቅ አይሠራም።"

ደምሰው አኩርፎ ጓዳ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ የክር መወልወያውን ታቅፎ ወጣና ከእሷ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

"እሺ፣ ከየት ነው የሚጀመረው?"

አምስቱን ቀን ሙሉ ከወዲያ ማዶ እየሳቀች አስተማረችው። መስከረም ሲጠባ በቤቱ ሹሩባ ያልተሠራ መወልወያ አልነበረም። በእታለማሁ አምባር ላይም የደምሰው ስም አንደኛ ሆኖ ተመዘገበ፤ "ዝምድና" በሚለው ቦታ "ጸጉር ሠሪ" ይላል።