የእናቱ ረድፍ

አባቱ ዓይነ ስውር ከሆነ በኋላ፣ ልጁ ሟች እናቱ በሠርጓ ዓመት የተከለችውን የዶልቼቶ ወይን ነቅሎ በቦታው ኔቢዮሎ የተባለውን ሌላ የወይን ዝርያ ተከለ። ኔቢዮሎ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። የጣሊያኖቹ የላንጌ ኮረብታዎች የወይን ጠጅ ስያሜ ደንብም ለዘብ ያለ ነው፤ ሁለቱም ወይኖች ጠርሙሱ ላይ ያንኑ የኮረብታውን ስም ይይዛሉ። ለአባቱ ግን አልነገረውም።

ሽማግሌው በየመስከረሙ፣ «ከእናትህ ረድፍ የመጀመሪያውን ዘለላ መቃብሯ ላይ አኑርልኝ» ይለዋል።

በመስከረም ዶልቼቶ ይበስላል፤ ኔቢዮሎ ግን ገና ጥሬ ነው። ልጁ ባዶ እጁን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄዶ ይመለሳል።

«ዘንድሮስ ጣፍጧል?»

«ማር ነው፣ አባዬ።»

በዚህ ዓመት ግን የአባቱ ድምፅ ደክሞ ሲሰማው መዋሸት አቃተው። በአካባቢው ዶልቼቶዋን ያልነቀለች ጎረቤታቸው ሲኞራ ፒና ብቻ ናት። ደጇ ሄዶ፣ «አንድ ዘለላ ይስጡኝ፣ ለእናቴ ነው» አላት።

ፒና ቆርጣ እየሰጠችው፣ «እናንተ ሰዎች፣ አብራችሁ ብትሄዱ ምን አለበት?» አለችው።

አልገባውም። ዘለላውን ይዞ ወደ መቃብሩ ወጣ።

ድንጋዩ ላይ ያለፉት ዓመታት የደረቁ የዘለላ ዘንጎች ተደርድረዋል። ከጎናቸው ዛሬ የተቆረጠ ዶልቼቶ ተቀምጧል። ልጁ የራሱን ዘለላ አጠገቡ አኖረና እግሩን እየጎተተ ወደ ቤት ተመለሰ።

አባቱ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

«አደረስክላት?»

ልጁ አጠገቡ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ ያረፉት የሽማግሌው ጣቶች በወይን ጭማቂ ጠቁረዋል።