የሚረሳው ፍላሽ

ኮምፒውተር ጠጋኙ ሁለት ፍላሾች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የለውም። ማን ፈታው?"

"ወንድሜ ነው የሰጠኝ" አለ ሰውየው፣ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ታላቅ ወንድሙ ስጦታ እንኳ ሲሰጠው የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ነበር።

"እንግዲህ ሲስተሙ ከፍላሽ ነው የሚነሳልዎት። ይኼኛው ቀላል ነው፣ ይፈጥናል፤ ግን ሲዘጋ የሠሩትን ሁሉ ይረሳል። ያኛው አይረሳም፤ ይህን አሮጌ ኮምፒውተር ግን ይከብደዋል፣ ይንቀራፈፋል።"

ሰውየው እጁን ወደ ቀላሉ ሲዘረጋ ስልኩ ጮኸ። ወንድሙ ነበር።

"ሠራልህ? ሃርድ ዲስኩን ለልጄ ፈልጌው እኮ ነው። ለአንተ መቼም ይኼም ይበዛብሃል፣ ሃሃ! ቅር አላለህም አይደል?"

"ኧረ ወንድም ጋሼ! እሱንማ ድሮ ረሳሁት" አለ፣ አብሮ እየሳቀ።

ስልኩን ዘጋና የማይረሳውን ፍላሽ ወደ ጠጋኙ ገፋው።

"ይንቀራፈፍ" አለ። "እኔም አልቸኩልም።"